አጥር የተሠራለት አረም

በእኛ አገር አንድን ነገር ውድ ለማድረግ ወርቅ መቀባት አያስፈልግም፤ ማጠር ይበቃል። ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ሶዶ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ እየረገጠው የሚያልፈውን አንድ ባዶ ጥግ ምረጡና ችካል ተክላችሁ ሲባጎ ዙሩበት። ረፋድ ላይ «ምን ሊሠራ ነው?» የሚሉ ይቆማሉ። ከምሳ በኋላ «ባንክ ነው አሉ» የሚል ይመጣል፤ የባንኩን ስም ሳይቀር ይነግራችኋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው «ይህ ቦታ እኮ የአባቴ ነበር» ማለት ይጀምራሉ። ጥጉ ያው ጥግ ነው፤ ትናንት ባጃጅ ሲታጠብበት፣ ውሻ ሲተኛበት የነበረ። ሲባጎው ነው የሾመው።

እኔ ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በገዛ እጄ፣ በሙሉ ጥንቃቄ፣ አንድ አረም አጥሬ ነው የተማርኩት።

ጥንቃቄዬን በተመለከተ ጥቂት ላስረዳ። እኔ ቤት ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ ሰው ነኝ። ትንሽ ራቅ እንዳልኩ ደግሞ መነቅነቄን እጠራጠርና እንደገና እመለሳለሁ። አረካ ያለችው እናቴ «እንዲህ ያለ ሰው ለትዳር አይሆንም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለትዳር አልሆንኩም። ለአረም ግን ሆንኩ።

የምሠራበትን ፕሮጀክት ስም አልጠራም፤ ረጅም ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እንጀራዬም ስለሆነ። ሥራችን መጤ ወራሪ አረሞችን መዋጋት ነው። «መዋጋት» የሚለው ቃል የእኔ አይደለም፤ ባነራችን ላይ የተጻፈ ነው። እስካሁን በዚህ ጦርነት ከእኛ ወገን ብዙ ስብሰባ፣ ከአረሙ ወገን ብዙ ዘር ተመዝግቧል። ታዲያ አንድ ዓመት በልግ ሊገባ ሲል ለዳሰሳ ሠራተኞች ስልጠና እንድንሰጥ ታዘዝን። የዳሰሳ ሠራተኛ ማለት ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ወራሪው አረም የት እንደ በቀለ የሚለይ፣ የሚመዘግብ፣ እንዴት እንደሚጠፋም ለገበሬው የሚያሳይ ወጣት ነው። የአዳራሹ ትምህርት ለአለቃዬ ደረሰ፤ አዳራሹ ውስጥ ውኃም ወንበርም ስላለ። የሜዳው ልምምድ ለእኔ ደረሰ።

አረሙ ፓርቲኒየም ይባላል። ከባሕር ማዶ በእርዳታ እህል ተደብቆ ገባ ይሉታል፤ ቪዛ የጠየቀው እንዳልነበረ ግን እርግጥ ነው። ቅጠሉ የአሪቲን ይመስላል፤ አበባው ነጭና ጥቃቅን ሆኖ ሲታይ ለሙሽራ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ነገር ግን የነካውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ላም ከበላችው ወተቷን ያመርረዋል፣ ከተተከለበት ቦታ ሌላ አዝመራ አያስቀምጥም። መድኃኒቱ አንድ ሕግ ነው፦ ሳያብብ ንቀለው። አንዴ ካበበና ዘሩን ከጣለ ልክ እንደ አሉባልታ ነው፤ ማን እንደ ዘራው ሳይታወቅ በየደጁ ይበቅላል።

እንግዲህ ሠልጣኞቼ አረሙን በቁሙ እንዲያዩ ፈለግኩ። በፎቶግራፍ ብቻ የሰለጠነ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁና። ከቀድሞዎቹ ሠልጣኞች አንዱ የአንዲትን እናት አሪቲ ከነሥሩ ነቅሎ በድንጋይ ተሸኝቷል። «ስልጠና ወስጃለሁ!» እያለ ነበር የሚሮጠው አሉ።

ስለዚህ አረም ፍለጋ ሞተሬን አስነሥቼ ወደ ገሱባ ወረድኩ። የገሱባን መንገድ በሞተር የሄደ ሰው የገዛ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ከገሱባ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ መንገድ ዳር፣ ያማረ የፓርቲኒየም ማሳ አየሁ። ለምለም፣ እኩል የበቀለ፣ ገና አበባ ያልያዘ። ለስልጠና ታዝዞ የተሠራ ነበር የሚመስለው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ መሐሉ ላይ አንድ ሽማግሌ መቆፈሪያቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ሊጥሉበት ቆመዋል።

«ያቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው እባብ መስሏቸው ወደ ኋላ ዘለሉ። ጋሽ ሳና ማለት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አረም ለማጥፋት ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ አረም ሊያጠፋ የተነሣን ሰው እጅ ያዘ። የወራሪ አረም ባለሙያነቴ በይፋ የተጀመረው በዚያች ደቂቃ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ጋሽ ሳና ነገሩን ከሰሙ በኋላ መቆፈሪያቸውን መሬት ላይ ተክለው አሰቡ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው እንሰትና እኛ ቦይና የምንለው ጎደሬ ነው፤ ቦሎቄ የሚዘሩባት መሬት ይህች የመንገድ ዳር ቁራጭ ብቻ ናት። የቤቱ ወጥ ዓመቱን ሙሉ ከእርሷ ነው የሚወጣው። በልጉ ሊገባ ነው፤ ባይዘሩ ደግሞ የሚተካላቸው የለም። እኔም ስልጠናው በጣም ቅርብ እንደሆነ፣ ዝናቡ ሳይገባ ሠልጣኞቹ ራሳቸው ነቅለው አቃጥለው መሬቷን ንጹሕ አድርገው እንደሚያስረክቧቸው ነገርኳቸው።

«ቃሉ የቢሮ ነው ያንተ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ «የቢሮ ነው» ብል ኖሮ ዛሬ በሰላም በተኛሁ። «የእኔ ነው» አልኩ። እርሳቸውም ባለቤታቸውን ከጓሮ ጠርተው ስሜን ከነአባቴ ስም እንደገና እንድናገር አደረጉኝ። ምስክር መሆኑ ነው። ከዚያም የተቀቀለ ቦይና በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣውን ስቀምስ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቃል ኪዳን እንዲህ ነው የሚታሰረው።

ሶዶ ከተመለስኩ በኋላ ጥርጣሬዬ መጣ። የጋሽ ሳና ባለቤት በማለዳ ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ቢኮተኩቱትስ? መንገደኛ ለደግነት ቢነቅለውስ? ሕፃናት ቢጫወቱበትስ? ስለዚህ የባሕር ዛፍ ችካል ጭኜ ሄጄ በሲባጎ አጠርኩት። ሲባጎ ላይ ደግሞ ጥጃ ቢታከክበትስ? በሽቦ ለወጥኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ከዚያ የማስታወቂያው ሰሌዳ ጉዳይ መጣ። በመጀመሪያ «አደገኛ ወራሪ አረም» ብዬ ላጽፍ ነበር። ግን አሰብኩበት፤ «አደገኛ አረም» የሚል ያነበበ ደግ ሰው ነቅሎ ቢጥልልኝስ? በጥልቀት ካሰብኩ በኋላ የሚከተለውን አጻፍኩ፦ «ሰርቶ ማሳያ። መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ሰሌዳ ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፤ ጽሑፉ ብቻውን ባዶ መሰለው መሰለኝ፣ ከጥጉ ላይ አንዲት የበቆሎ ራስ ሣለበት። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ፀጉሯ የተበጠረ። ያላዘዝኩት መሆኑን ስነግረው «በነፃ ነው» አለኝ። በነፃ የተሰጠ ነገር እንዴት ይመለሳል? ተሸክሜው ሄድኩ።

ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ሰርቶ ማሳያ ማለት ባለሙያዎች አዲስ ምርጥ ዘር ዘርተው ገበሬው መጥቶ እንዲያይ የሚያዘጋጁት ማሳ ነው። በእኛ አካባቢ የሰርቶ ማሳያ ወግ ደግሞ የታወቀ ነው። ባለሙያው «እዩ እንጂ አትንኩ» ይላል፤ ሰውም ቀን ቀን ያያል። የአካባቢያችን ምርጥ ስኳር ድንች ሁሉ በዚህ መንገድ ነው ከአጥር ወደ ጓሮ የተሰራጨው። ማንም ሌባ አይባልም። እንዲያውም ሪፖርት ላይ «ቴክኖሎጂው በማኅበረሰቡ ተቀባይነት አግኝቷል» ተብሎ ይጻፋል። እኔም ሪፖርት እንዲህ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ ያንን ሰሌዳ የተከልኩት። ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ወደፊት ያያል፤ እግሩ ሥር ያለውን አያይም።

ስልጠናው ተራዘመ። ለምን? የክብር እንግዳው ስብሰባ ነበራቸው። እንደገና ተራዘመ፤ የክብር እንግዳው ከስብሰባ ተመልሰው የስብሰባውን ሪፖርት የሚያቀርቡበት ስብሰባ ነበራቸው። ቀጥሎ አዳራሹ ለሠርግ ተያዘ። ቀጥሎ አበሉ ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ የሚያውቀው ሰው ዓመት ፈቃድ ወጣ። ባነራችን ላይ ቀን ተጽፎ ስለነበር በየመራዘሙ አዲስ ማሳተም አስቸገረ፤ አለቃዬም በመጨረሻ ብልሃት አገኙ። ባነሩ ያለ ቀን፣ «በቅርብ ቀን» ተብሎ ታተመ። «እንዲህ ከሆነ ዘላለም ያገለግላል» አሉኝ በኩራት። እኔ «አረሙ እያበበ ነው» አልኳቸው። «እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ሠልጣኞቹ አበባውንም ያዩታል» አሉ። «ዘር እየጣለ ነው» አልኳቸው ደግሞ ሌላ ጊዜ። «ዘሩንም ያዩታላ!» አሉኝ። ከተማረ ሰው ጋር መከራከር እንዴት ደስ ይላል!

አረሙ ግን የክብር እንግዳ አይጠብቅም።

በዚህ መሐል ቀበሌዋ ማሰብ ጀመረች። የጋሽ ሳና ጎረቤት ወይዘሮ ታደለች ይባላሉ። ገሱባ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ፤ ምላሳቸው ቅቤ አይደለም። ጋሽ ሳናን አጥሩ ሥር አቁመው ይህ ምን እንደሆነ ጠየቋቸው አሉ። ጋሽ ሳና እውነቱን ተናገሩ፤ «አረም ነው» አሉ። እውነት መናገር ደግሞ እንዲህ ባለ ጊዜ እንደሚያስጠረጥር ማንም አልነገራቸውም።

«ሳና፣ እኔን አታሞኝ። አረም በሽቦ ይታጠራል?»

«ያ ልጅ ነው ያጠረው።»

«አረም ሰሌዳ ይቆምለታል?»

«እኔ ምን ላድርግህ፣ እርሱ ነው ያቆመው።» ጋሽ ሳና በአማርኛ ሲናደዱ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጉታል።

«አረም ነው እንበል። ታዲያ ያ የሶዶ ልጅ በየጊዜው በሞተር እየመጣ በማስመሪያ ቁመቱን የሚለካው ለምንድነው? እኔ ልጆቼን ለክቼ አላውቅም!»

እውነት ነው፣ እየሄድኩ እለካ ነበር። ፎቶም አነሣ ነበር። አንድ ጊዜማ አቧራ ሸፍኖት ስላየሁ ቅጠሉን በውኃ አጥቤዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ክንፍ አወጣ። አንዱ የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው አለ። አንዱ ወደ አረብ አገር የሚላክ ሻይ ነው አለ። አንድ ብልህ ሰው ለላሙ አበላና ወተቷ መረረ፤ ቀበሌዋም «ይኸው! መድኃኒት ባይሆን ይመር ነበር?» ብላ ደመደመች። ስሙን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እነርሱ ራሳቸው አወጡለት። «ፕሮጀክት» አሉት። «ፕሮጀክት ተክለሃል?» «እኔስ ትንሽ አለኝ፤ አማቼ ናቸው የሰጡኝ።» እንዲህ ይባባሉ ነበር አሉ። ጋሽ ሳና ደግሞ «አረም ነው፣ አረም ነው» እያሉ በማሉ ቁጥር ለብቻቸው ሊከብሩበት የፈለጉ ስስታም ተባሉ። ጸሎት ቤት ውስጥ ሳይቀር ስለ ስስት ሲሰበክ ሰው ዞር ዞር እያለ ያያቸው ነበር ብለው ነግረውኛል።

ማሳው እዚህም እዚያም መሳሳት ጀመረ። እኔ አይጥ ጠረጠርኩ። ሽቦውን አጠበቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሽቦ በጠበቀ ቁጥር ማሳው መሳሳቱ ይፈጥን ነበር፤ ያኔ ግን ሽቦ ማጥበቅ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ዝናቡ ገባ። ጋሽ ሳና ደወሉ። ደጋግመው ደወሉ። ስልኩን ሳነሣ አይሳደቡም፤ ቢሳደቡ ይሻል ነበር። «ልጄ፣ የሰው ቦሎቄ ቅጠል አወጣ፤ የእኔ አረም አበባ አወጣ» ይሉኛል ቀስ ብለው። አንድ ቀን ደግሞ «ባለቤቴ ስምህን ከነአባትህ ታስታውሳለች» አሉኝ። ሌሊቱን ስገለባበጥ አደርኩ። ልነቅለው እችል ነበር፤ ግን ልምምዱ በምን ሊሆን ነው? ላቆየው እችል ነበር፤ ግን ሽማግሌው ዓመቱን በምን ወጥ ሊበሉ ነው? አለቃዬን ጠየቅኩ። «በቅርብ ቀን» አሉ። ባነሩም ይህንኑ ይል ነበር።

በመጨረሻ፣ የበልጉ መዝሪያ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው፣ ስልጠናው ተጀመረ። የክብር እንግዳው አልመጡም፤ ተወካያቸው ስለ እርከን ሥራ የተዘጋጀ ንግግር አነበቡና ስለ አረሙ ላደረግነው ተጋድሎ አመስግነውን ሄዱ። ሁሉም አጨበጨበ። በማግስቱ ሠልጣኞቼን ጭኜ፣ ጓንቱን፣ ጂፒኤሱን፣ አረም የሚቆጠርበትን የእንጨት ፍሬም አስጭኜ ወደ ጋሽ ሳና ማሳ ወረድን። መንገድ ላይ ስለ ናሙናው ማሳ ብዙ ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ንጹሕ የፓርቲኒየም ማሳ በዞኑ የለም አልኩ።

ደረስን። አጥሩ ቆሟል። ሰሌዳው ቆሟል። በቆሎዋ እንደ ፀሐይ ታበራለች። በአጥሩ ውስጥ አንድም አረም የለም።

የለም ስል ተረፍ ቀረፍ እንኳ የለም። ከነሥሩ፣ በጥንቃቄ፣ አፈሩ ሳይበተን ተወስዷል። እንዲያ ያለ ጥሩ አነቃቀል በስልጠና ቪዲዮ እንኳ አላየሁም። ጋሽ ሳና ደግሞ በባዶው ማሳ ጫፍ ላይ የቦሎቄ ዘር በቅርጫት ይዘው ቆመው እንደ ሙሽራ ይስቃሉ። «ሌባ ይባረክ!» አሉኝ። «ልጄ፣ ዝናቡ ገና አለ፤ ነገ በማለዳ እዘራለሁ። ቃልህን ሌባ ጠበቀልህ።»

እርሳቸው ተደሰቱ፤ እኔ አበቃልኝ። ጓንት ያጠለቁ ሠልጣኞች ዙሪያዬን ቆመዋል። አንደኛዋ ፍሬሙን ባዶ መሬት ላይ አስቀምጣ «ዜሮ ብዬ ልመዝግብ?» አለችኝ። ምፀት ይሁን ትጋት አልለየሁትም። ሌላው ግን አንገቱን አስግጎ ወደ ወይዘሮ ታደለች ጓሮ ያይ ነበር። «እዚያ ሌላ አጥር አለ» አለ።

እውነትም ነበር። ትንሽ፣ በሸምበቆ የተሠራ። ውስጡ ፓርቲኒየም በመስመር ተተክሎ፣ ፍግ ተደርጎለት፣ ፀሐይ እንዳያከስመው የእንሰት ቅጠል ጥላ ተሠርቶለት ተቀምጧል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ጓሮ ሌላ አጥር። ከዚያም ማዶ ሌላ። ሠልጣኞቼ ተበተኑ። እንዲህ ያለ የዳሰሳ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ አረሙን ለመለየት ቅጠሉን ማየት እንኳ አላስፈለጋቸውም፣ አዲስ አጥር ማየት በቂ ነበር። የቤት ባለቤት ስም ጻፉ። አረሙን ቆጠሩ። ጂፒኤሱን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቦታውን ያዙ። ስሕተት የሌለበት ሥራ ነበር።

ወይዘሮ ታደለች በራቸው ላይ ቆመው «የእኔን ስም ለምን ትጽፊያለሽ?» ብለው ፍሬም የያዘችውን ልጅ ጠየቋት። እርሷም እንዳስተማርናት፣ በጨዋነት፣ «ለመረጃ ነው እናቴ» አለች። ወይዘሮ ታደለች ሳይከራከሩ ወደ ቤት ገቡ። እርሳቸው ሳይከራከሩ ሲቀሩ እኔ መጠርጠር ነበረብኝ። «ለመረጃ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ደስ የሚል ነገር መጥቶለት የሚያውቅ ማን አለ?

እኔ በበኩሌ በየጓሮው እየዞርኩ አረም መሆኑን፣ መነቀል እንዳለበት ነገርኳቸው። በትሕትና ሳቁብኝ። አንድ ጎልማሳ «ታ ኢሻው፣ ወንድሜ፣ አንተ ሽቦ አጥረህ የያዝከውን እኛ እንድንነቅል ነው?» አለኝ። አንድም ሰው አላስነቀለንም። መሸ። ገሱባ ገብተን አደርን።

በማለዳ ተመልሰን ስንመጣ ጋሽ ሳና ቅርጫታቸውን ይዘው እዚያው ቦታ ቆመዋል። አይስቁም።

ማሳው ሞልቷል። ከአጥር እስከ አጥር ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል። ቀድሞ ከነበረውም በዝቷል፤ በየጓሮው ተባዝቶ ነበርና። ያውም ተወርውሮ አይደለም። በመስመር ተተክሎ፣ ሥሩ በአፈር ተደፍኖ፣ ውኃ ጠጥቶ። የእንሰት ቅጠል ጥላ ሳይቀር አብሮ ተመልሷል። ቀበሌዋ «ፕሮጀክቱ የተሰረቀበትን ንብረት እየመዘገበ ነው፤ ያ መሣሪያ ደግሞ ሌባውን ለሰማይ እየተናገረ ነው» ብላ ስለሰጋች ንብረቱን ለባለቤቱ መልሳለች። ታማኝ ሕዝብ ነው። ወይዘሮ ታደለች ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሲያልፉ፣ ሳይጠየቁ፣ «እኛ ምንም አልወሰድንም፤ የእናንተው ይኸው እዚያው አለ» አሉን።

ጋሽ ሳና ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ የሚቀጥለው ስልጠና መቼ ነው?» አሉኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠራጠር አንድ ነገር አደረግኩ። አለቃዬን አልጠየቅኩም። ጓንቴን አጥልቄ አጥሩን ተሻግሬ ገባሁ። ሠልጣኞቹም ተከተሉኝ። በአንድ ሌሊት የተተከለ ነገር ሥር አልሰደደምና እንደ ፀጉር ይነቀል ነበር። የጠወለገውን በማዳበሪያ ከረጢት እየጨመርን፣ የረገፈውን አበባ ሳይቀር እየለቀምን አጸዳነው። እርጥብ ስለነበር በቀላሉ አልነደደም፤ ጋሽ ሳና ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው ጨመሩበትና ጭሱ ቀበሌዋን ሸፈናት። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሞ አየ። ያ በሽቦ የታጠረ፣ በማስመሪያ የተለካ፣ በውኃ የታጠበ ፕሮጀክት ሲቃጠል ሊያድነው የሮጠ አልነበረም። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ መሬቷ ባዶ ሆነች። ከዚያ ሠልጣኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ከሽማግሌው ጋር ቦሎቄ ዘሩ። ይህ በስልጠናው መርሐ ግብር ላይ አልነበረም፤ ከመርሐ ግብሩ ሁሉ የተሳካው ግን ይኸው ነበር።

ወይዘሮ ታደለች ከገበያ ሲመለሱ አመዱን ረጅም ጊዜ አዩት። «እውነትም አረም ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አጠርከው?» አሉኝ። «ለስልጠና» አልኩ። «አረሙ ነው የሚሰለጥነው?» አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ ገቡ።

ሪፖርት ጻፍኩ። ሐሰት መጻፍ አልወድምና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። «ስልጠናው በተግባር ተደግፎ ተሰጥቷል። ማኅበረሰቡ በራሱ ተነሳሽነት አረሙን ከየጓሮው ነቅሎ ለማስወገድ እንዲመች በአንድ ቦታ አሰባስቧል።» አለቃዬ አንብበው ተነሥተው ጨበጡኝ። ይህን ድንቅ ልምድ ሌሎች ቀበሌዎች መጥተው እንዲማሩበት የልምድ ልውውጥ መዘጋጀት አለበት አሉ። ባነሩ እንደሆነ ዝግጁ ነው።

እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። የረገፈው ዘር አፈር ውስጥ አለ፤ አውቃለሁ። ስለዚህ በየጊዜው በሞተር እየሄድኩ ከቦሎቄው መሐል ብቅ የሚለውን አረም ከጋሽ ሳና ጋር እንኮተኩታለን። በጓሮዎቹም ውስጥ ሰዉ ራሱ ገና በቅጠሉ እየለቀመ ይነቅለዋል። ማስመሪያዬን ከዚያ በኋላ ይዤ አልሄድኩም።

በመጨረሻ የሄድኩ ጊዜ ቦሎቄው አብቦ ወደ ማፍራት ደርሶ ነበር። ሽቦውንና ሰሌዳውን የንብረት ክፍል ጠይቆኝ ልነቅል ነበር የሄድኩት። ጋሽ ሳና ከፊቴ ቆመው ከለከሉኝ። ሽቦውን ውሰድ፣ ሰሌዳውን ግን ተወው አሉ። እኔም ደነገጥኩ። «ጋሽ ሳና፣ ረሱት እንዴ? ይህ ሰሌዳ እኮ ነው ሌባ የጠራብን! ቦሎቄዎን ሊያስጨርሱ ነው?»

ሽማግሌው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ያ ከስልጠናው በፊት ነው። አሁን ቀበሌው ሰልጥኗል። ቢሮ ሰሌዳ ያቆመበት ሁሉ አረም ነው ብሎ የማይሸሽ የለም። ታደለች እንኳ ልጆቿን ይዛ በወዲያ በኩል ነው የምታልፈው።»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም ወይዘሮ ታደለች ቅቤያቸውን ተሸክመው በማዶው የመንገድ ጥግ ያልፉ ነበር፤ ማሳውን በጎሪጥ እያዩ፣ እጃቸውን እያከኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር፣ ከዚያ ሁሉ ጓንትና ጂፒኤስ፣ ሕዝቡን በእርግጠኝነት ያስተማርኩት አንድ ነገር ይኸው ነበር፤ እርሱም ስሕተት ነው።

«አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ» አሉኝ ጋሽ ሳና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያቺን በቆሎ አጥፋልኝ። የሚበላ ነገር ያለ ታስመስላለች።»

ከማሳው ጭቃ ዘግኜ በቆሎዋን ለቀለቅኳት። ተሰናብቼ ሞተሬን አስነሣሁ። ትንሽ እንደሄድኩ፣ ቢጫዋ በጭቃው ውስጥ የምትታይ መስሎኝ፣ ተመልሼ ደገምኳት።